ቸርች ሊዘጋ ሲል ምዕመኑን እንዴት እናሳልፈው

ይሄን የምጽፈው ለመጋቢዎች፣ ለሽማግሌዎች፣ ለዲያቆናት እና ደሞ ምንም ማዕረግ ሳይኖራቸው ሰው ሲጨንቀው ለሚደውልላቸው እህቶችና ወንድሞች ነው። ቁጥሩ በየዓመቱ እየሳሳ፣ መባው ለህንጻው ወጪ እንኳን አልበቃ እያለ፣ ወንበር የሚደረድሩትም የሚዘምሩትም ልጆች የሚያስተምሩትም ያው አራት አምስት ሰዎች የሆኑበት ጉባኤ ውስጥ ላላችሁ። መዝጋት አለባችሁ ወይ የለባችሁም የሚለውን ከዚህ ሆኜ መፍረድ አልችልም፣ እሱን ጸልያችሁ እናንተው ትወስናላችሁ። እኔ አጥብቄ የምለው ግን ሰውን ከመዘጋቱ በላይ የሚሰብረው የተዘጋበት መንገድ መሆኑን ነው። ለወራት ዝም ተብሎ ተከርሞ አንድ እሁድ ከመድረክ ላይ "ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አንሰበሰብም" የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ ሌላ ጉባኤ ለመግባት እግሩ አይታዘዝለትም፣ እቤቱ ይቀራል። በጊዜው የተነገረው፣ የተጠየቀው፣ አልቅሶ የተሰናበተው እና ሰው አብሮት ሄዶ ለሌላ ጉባኤ ያስረከበው ሰው ግን ቢያዝንም አይጠፋም።

በናንተ ብቻ የደረሰ ነገር እንዳይመስላችሁ ደሞ። ላይፍዌይ ሪሰርች የሚባለው ተቋም በ2019 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ወደ 4,500 የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት እንደተዘጉና ወደ 3,000 እንደተከፈቱ ገምቷል፣ ይሄ ደሞ ከኮሮና በፊት ነው። ምክንያቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ሰፈሩ ይለወጣል፣ ወጣቱ ለስራ ርቆ ይሄዳል፣ ልጆች ወላጆቻቸው በሚያመልኩበት ቋንቋ ማምለክ ያቆማሉ፣ ኪራይ ይጨምራል፣ አንዳንዴ ያልተፈታ ጸብ አለ። ይሄን ቀድማችሁ ብትነግሯቸው ጥሩ ነው ምክንያቱም ብዙው አማኝ በልቡ "እኛ ብንጸልይ ኖሮ" እያለ ነው የሚኖረው።

መጀመሪያ እናንተ መሪዎቹ እውነቱን ቁጭ ብላችሁ እዩት። ያለፉትን አስር ዓመታት መዝገብ አውጡና እሁድ እሁድ በአማካይ ስንት ሰው እንደመጣ፣ ስንት ሰው እንደተጠመቀ፣ ስንት እንደቀበራችሁ፣ ምን እንደገባ ምን እንደወጣ፣ የአባላቱ እድሜ ስንት እንደሆነ አንድ ገጽ ላይ አስቀምጡት። አንድ ገጽ ይበቃል። ስሜት ስሜትን ነው የሚጠራው፣ አንዱ "እየሞትን ነው" ሲል ሌላው "እምነት የለህም" ይለዋል፣ ወረቀቱ ሲቀርብ ግን ሁሉም ስለ አንድ ነገር ማውራት ይጀምራል። ከዛ ሌሎቹን አማራጮች በቅንነት ፈትሹ፣ ህንጻውን ለቆ ቤት ውስጥ መሰብሰብ፣ ህንጻውን አዲስ ለተተከለ ጉባኤ ሰጥቶ እንደ አባል አብሮ መቀጠል፣ ከሌላ ጉባኤ ጋር መዋሃድ። ስለ መዋሃድ አንድ ነገር ልበል፣ ሁለት የደከሙ ጉባኤዎች ህንጻ ለማዳን ብቻ ሲዋሃዱ ድካማቸው ነው የሚደመረው። አንዱ ጠንካራ ሆኖ ሌላውን ሲቀበልና ተቀባዩም የሚገባውም ማን ማንን እንደሚቀበል በግልጽ ሲነጋገሩ ነው የሚሻለው፣ "እኩል እንዋሃዳለን" ተብሎ ተጀምሮ ከስድስት ወር በኋላ "ዋጡን" ከሚባል።

ለጉባኤው ከመናገራችሁ በፊት ውሳኔው የማን እንደሆነም እወቁ። አንዳንድ ቤተ እምነት ላይ ህንጻው የአጥቢያው ሳይሆን የማዕከሉ ነው፣ ለምሳሌ የዩናይትድ ሜቶዲስት አጥቢያዎች ንብረታቸውን የሚይዙት ለቤተ እምነቱ በአደራ ነው። የእንግሊዝ አንግሊካን ቤተክርስቲያን ውስጥ ደሞ አንድ ህንጻ ለአምልኮ መዋሉ እንዲቆም ሲታሰብ በ2011 የወጣ የራሱ ደንብ አለው፣ ሰዎች ተቃውሞም ድጋፍም በጽሁፍ የሚያቀርቡበት ጊዜ ይሰጣል። ራሱን የቻለ ጉባኤ ከሆናችሁ መተዳደሪያ ደንባችሁን አውጥታችሁ ስለ መፍረስ የሚለውን አንቀጽ አንብቡ፣ ስንት ሰው ተገኝቶ በስንት ድምጽ እንደሚወሰን እዛ ላይ አለ። ሰው ድምጽ ሰጥቶ "ለካ እኛ መወሰን አንችልም ነበር" ከተባለ ተታለልኩ ነው የሚለው፣ እሱን ደሞ ማስተካከል በጣም ከባድ ነው።

አነጋገሩ

ወሬ ከናንተ እንዳይቀድም። ቅደም ተከተሉ ይሄ ቢሆን ይሻላል፣ መሪዎች ከተስማሙ በኋላ በዛው ሳምንት ውስጥ ጉባኤውን የመሰረቱትን፣ አረጋውያኑን እና ቤት የዋሉትን ህሙማን እቤታቸው ሄዳችሁ አነጋግሩ፣ ስልክ አይሆንም፣ ቴሌግራም ግሩፕ ላይማ በፍጹም። ደሞዝ የሚከፈላቸው ሰዎች ካሉም ከህዝቡ በፊት ይስሙ፣ ጽዳት የምትሰራዋ እህት ጭምር። ከዛ እሁድ ለሁሉም። ቤት ድረስ የምትሄዱት አረጋውያኑን ለማሳመን አይደለም፣ ለመስማት ነው፣ ምናልባት ያቺ እናት ስለ መዘጋቱ ምንም ሳትናገር ህንጻው ሲሰራ እንዴት እንደነበር ሁለት ሰዓት ታወራ ይሆናል፣ ተዉአት ታውራ፣ ሰዓት አትዩ።

በአንድ ስብሰባ አትጨርሱት። የመጀመሪያው ለማሳወቅ ብቻ ይሁን፣ ወረቀቱን አሳዩ፣ ጥያቄ መልሱ፣ ድምጽ አትስጡ። ሁለተኛው ለመስማት ነው፣ እዚህ ላይ መሪዎች መከራከር የለባቸውም፣ የሚባለውን መጻፍ ብቻ። ውሳኔው በሶስተኛው ቢሆን እና በመካከላቸው ሳምንታት ቢኖሩ ሰው ተኝቶበት፣ ጸልዮበት፣ ከቤተሰቡ ተማክሮ ይመጣል። ሰብሳቢው ከውጭ ቢሆን በጣም ይረዳል፣ ከሌላ አጥቢያ የምታከብሩት ሽማግሌ ለምሳሌ፣ ምክንያቱም የራሳችሁ መጋቢ ሰብሳቢም ተከሳሽም አጽናኝም መሆን አይችልም። የሚመጡትን ጥያቄዎች ቀድሜ ልንገራችሁ፣ ገንዘቡ የት ይሄዳል፣ ህንጻው ምን ይሆናል፣ መጋቢው ምን ይበላል፣ እኔ ስሞት ማን ይቀብረኛል። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ጮክ ተብሎ አይጠየቅም ግን ከሁሉም በላይ አረጋውያንን የሚያስጨንቃቸው እሱ ነው፣ ስለዚህ እናንተ ራሳችሁ አንሱት፣ የትኛው መጋቢ እንደሚያገለግላቸውና ቤተሰባቸው ለማን እንደሚደውል ስምና ስልክ ጽፋችሁ ስጧቸው።

ልጆችንና ወጣቶችንም በራሳቸው ቋንቋ አነጋግሯቸው። የሰንበት ትምህርት አስተማሪያቸው ትንገራቸው፣ ጓደኞቻቸውን የት እንደሚያገኙ ነው የሚጨነቁት፣ እሱን መልሱላቸው።

ሀዘኑን አትፍሩት

ይሄ ክፍል ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ መሪዎች የሚቸገሩት እዚህ ነው። ሰው ቸርቹ ሲዘጋ የሚሰማው ሀዘን እውነተኛ ሀዘን ነው፣ የእምነት ማነስ አይደለም። ባሏን ከዛ መድረክ ፊት የሸኘች ሴት አለች፣ ልጁን እዛ ያስባረከ አባት አለ፣ ጌታን ያገኘው ከኋላ ሶስተኛው ወንበር ላይ ሆኖ የነበረ ሰው አለ፣ ለዓመታት ማለዳ ማለዳ በሩን የሚከፍት ወንድም አለ፣ እሱ ደሞ ሰው አያስተውለውም እንጂ ከእሁዱ ጋር አብሮ የሚወሰድበት "እኔም እዚህ ቦታ አለኝ" የሚለው ነገር ነው። ከዚህ ሌላ ምንም ያላዘኑ አሉ፣ እንዲያውም እፎይ ያሉ፣ ደክመው ስለነበር። እነሱን "ግድ የላችሁም" አትበሏቸው፣ ለዓመታት የተሸከሙት እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ።

የስነ አእምሮ ሐኪሟ ኤልሳቤት ኩብለር ሮስ በ1969 የጻፈቻቸውን አምስቱን የሀዘን ደረጃዎች ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፣ መካድ፣ ቁጣ፣ መደራደር፣ ድባቴ፣ መቀበል። እሷ የጻፈችው ለመሞት ስለተቃረቡ ህሙማን ነበር፣ እና ሰው በተራ በተራ የሚያልፋቸው ክፍሎች አድርጋችሁ አትያዙት። ዛሬ የተቀበለው ነገ ይቆጣል፣ ተረጋግቶ ድምጽ የሰጠው ሰው ኪቦርዱ ተጭኖ ሲሄድ ሲያይ ይጮሃል። ድርድሩን በተለይ ታዩታላችሁ፣ "አንድ ዓመት ብቻ እንሞክር"፣ "አዲስ መጋቢ ብናመጣ"፣ "ዘማሪ እንጥራ"። በትዕግስት ስሙ፣ ግን መሪዎች የሆነውን እውነት እንዳልሆነ አድርገው መልሰው ተስፋ ከሰጡ ሰውየው ሁለት ጊዜ ነው የሚቀብረው።

አነጋገር ላይ ተጠንቀቁ። "ቤተክርስቲያን እኮ ሰው ነው ህንጻ አይደለም" የሚለው እውነት ነው፣ እኔም አምነዋለሁ፣ ግን ላለቀሰ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሲነገረው "ዝም በል" ማለት ሆኖ ነው የሚሰማው። "እግዚአብሔር የተሻለ አዘጋጅቷል"ም እንደዛው፣ ራሱ ሲደርስበት ይበለው። ከዛ ይልቅ "ምኑ ነው ከሁሉም የሚከብድህ" ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ እዚህ ላይ ከኛ ይልቅ ሆደ ሰፊ ነው፣ ዕዝራ 3 ላይ የአዲሱ ቤተ መቅደስ መሰረት ሲጣል የፊተኛውን ያዩ ሽማግሌዎች በታላቅ ድምጽ ሲያለቅሱ ሌሎቹ በደስታ እልል ይሉ ነበር፣ ልቅሶውን ከእልልታው መለየት አልተቻለም ይላል። ማንም ሽማግሌዎቹን አልገሰጻቸውም። ይሄን ክፍል ከመዘጋቱ በፊት ባሉት ሳምንታት አንድ እሁድ ስበኩበት፣ ሌላ እሁድ መዝሙር 137ን፣ ሌላ እሁድ ሐዋርያት ሥራ 8ን፣ የተበተኑት እየዞሩ ቃሉን ሰበኩ የሚለውን።

"ልፋታችን ሁሉ ከንቱ ቀረ" ለሚሉ፣ በተለይ ለመስራቾቹ፣ ኤፌሶንን አንሱላቸው። ጳውሎስ ሶስት ዓመት ሌሊትና ቀን በእንባ ያገለገለባት ጉባኤ ናት፣ ራዕይ 2 ላይ ከሰባቱ አንዷ፣ ዛሬ ኤፌሶንም ሰርዴስም ሎዶቅያም ፍርስራሽ ናቸው። ጳውሎስ በከንቱ ደከመ የሚል ክርስቲያን ግን የለም፣ እዛ የዳኑ ሰዎች ድነዋል፣ የተላከላቸውን ደብዳቤ ዛሬም እናነበዋለን። ከዚህ ጋር አንድ ነገር ስሩ፣ በዛ ጉባኤ የተጠመቁትን፣ ከዛ ወጥተው የሚያገለግሉትን፣ የተጋቡትን ሰዎች ስም ከመዝገብ አውጡና ግድግዳ ላይ ትልቅ ወረቀት ለጥፉ፣ ሰው የጎደለ ስም እየጻፈበት ይሂድ። ይሄ ከየትኛውም የማጽናኛ ስብከት በላይ ሲሰራ አይቻለሁ።

ክስም ይመጣል፣ "ማን ነው የገደላት"። ቀድሞ ተጣልተው የወጡ ሰዎችም ሲሰሙ ይመለሱና የድሮውን ያነሳሉ። መዘጋቱን እንደ አጋጣሚ ተጠቀሙበት፣ ይቅርታ የሚያስፈልገው ነገር ካለ መሪዎች ቀድመው ይጠይቁ፣ ሰውየውን በስም ጠርተው፣ "ያስቀየምነው ካለ" በሚል ጥቅል ቃል ሳይሆን። የተፈጸመ በደል ካለ ደሞ፣ ገንዘብ የጠፋ ወይ ሰው የተጎዳ፣ ያ በጸሎትና በስንብት አይሸፈንም፣ ለሚመለከተው አካል ይነገራል። መዘጋት የማስረጃ ማጥፊያ መሆን የለበትም።

መጋቢውን አትርሱት። ስራውንም፣ ቤቱንም ምናልባት፣ ጉባኤውንም በአንድ ቀን ነው የሚያጣው፣ እሱ ላይ ሌላውን አጽናና ይባላል። የመሸጋገሪያ ደሞዝ ከቀረው ገንዘብ ላይ ቅድሚያ ያዙለት፣ የሚያናግረውም ሰው ከውጭ ፈልጉለት።

ንብረትና ወረቀት

ዕዳ መጀመሪያ ይከፈላል። የተረፈውን ብዙ አገር ላይ አባላት መከፋፈል አይችሉም፣ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲፈርስ ሀብቱ ተመሳሳይ ዓላማ ላለው ድርጅት ነው የሚሄደው፣ የየአገራችሁን ህግ የሚያውቅ ሰው አማክሩ። የት ይሂድ የሚለውን ግን ህጉ በሚፈቅደው ውስጥ ምዕመኑ ይምረጥ፣ አዲስ ለተተከለ ጉባኤ፣ ለነገረ መለኮት ተማሪ፣ ለሚስዮን። የሚሰጡበትን ራሳቸው የመረጡ ሰዎች ባዶ እጃቸውን የሄዱ አይመስላቸውም።

የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ አይጣልም። ቤተ እምነቱ ወይ የሚቀበል የመዛግብት ቤት ጋር ይቀመጥ፣ ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ማስረጃ ይፈልጋል፣ ቅጂውን የት እንደሚያገኝ ለሁሉም በጽሁፍ ስጡ። ቃለ ጉባኤና የሂሳብ ሰነድም ህጉ ለሚያዘው ዓመታት ይቆይ። መጋቢው የያዛቸው የምክር ማስታወሻዎች ግን የሰው ገመና ናቸው፣ ለማንም ሳይተላለፉ ይወገዱ። የፌስቡክ ገጹ፣ የዩትዩብ ቻናሉ፣ የቴሌግራም ግሩፑ ፓስወርድ ማን ጋር እንዳለ እወቁ፣ የቆዩ ስብከቶችንና የመዘምራኑን ቪዲዮ አውርዳችሁ ለፈለገ ሰው ስጡ። ኢንሹራንሱን ደሞ ቁልፍ እስክታስረክቡ ድረስ እንዳታቋርጡት፣ ህንጻው ባዶ እንደሚሆንም ለኢንሹራንስ ድርጅቱ ንገሩ፣ ባዶ ህንጻ ላይ ሽፋኑ ሊቀንስ ይችላል።

በሰው መታሰቢያ የተሰጡ ነገሮችን ለይታችሁ መዝግቡ፣ ስም የተጻፈበት ወንበር፣ የጌታ እራት ጽዋ፣ ሰዓት። ቤተሰቡን ጠይቁ፣ ከፈለጉ ይውሰዱት፣ ካልፈለጉ ለየትኛው ጉባኤ ይሰጥ በሏቸው። ያለ ጥያቄ የተሸጠ አንድ ወንበር ለዓመታት የሚዘልቅ ቂም ይሆናል።

ህንጻው ነገ ምን ሊሆን እንደሚችል አትደብቁ። ማስትሪክት፣ ኔዘርላንድ ውስጥ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የዶሚኒካን ቤተክርስቲያን ከ2006 ጀምሮ የመጻሕፍት መደብር ነው። እንግሊዝ ውስጥ ደሞ ከ1969 ጀምሮ የሚሰራ ቸርችስ ኮንሰርቬሽን ትረስት የሚባል ድርጅት ከ300 በላይ የተዘጉ ህንጻዎችን ይጠብቃል። ሌሎቹ መኖሪያ ቤት፣ አዳራሽ፣ ሱቅ ይሆናሉ ወይ ይፈርሳሉ። የማትፈልጉት አገልግሎት ካለ ውሉ ላይ ማስገባት ይቻል እንደሆነ ከመሸጣችሁ በፊት ነው የሚጠየቀው፣ ከፈረማችሁ በኋላ አይሆንም።

የመጨረሻው እሁድ

ቀኑን ቢያንስ ሁለት ሶስት ወር ቀድማችሁ ቁረጡ። ድሮ ያገለገሉትን መጋቢዎች፣ ርቀው የሄዱትን አባላት ጥሩ። አንዳንዱ ቸርች የዛን ቀን ልቅሶ ብቻ ያደርገዋል፣ አንዳንዱ ደሞ በግድ ደስ ይበላችሁ ይላል፣ ሁለቱም ሰው ያስቀራሉ። ምስጋናም ይኑር፣ ኑዛዜም፣ ዝምታም፣ የድሮ መዝሙሮችም መዘምራኑ ከሚመርጡት ይልቅ ምዕመኑ ከሚመርጠው። ምስክርነት ለሁሉም ክፍት ከሆነ ሰዓት ይበላል፣ ስለዚህ ከዛ ቀን በፊት አንድ ማታ ለምስክርነት ብቻ መድቡ። የጌታን እራት አብራችሁ ውሰዱ። ከዛ መጽሐፍ ቅዱሱን፣ ጽዋውን፣ የጥምቀት መዝገቡን ከምዕመኑ መካከል የተመረጡ ሰዎች ተሸክመው ይውጡና የሚቀበለው ጉባኤ ተወካይ በር ላይ ይረከባቸው። ልጆች አንዱን ይያዙ። በሩን የሚዘጋው ሁልጊዜ የሚከፍተው ወንድም ይሁን፣ እሱ ከፈቀደ።

ከዛ በኋላ

ትልቁ ስራ እዚህ ነው፣ ብዙዎች ግን እዚህ ጋ ደክመው ይተውታል። የሚቀጥለው እሁድ ጠዋት ሰው የት እንደሚሄድ ከወዲሁ የታወቀ ይሁን። ገና ሳትዘጉ በወር አንድ ጊዜ አብራችሁ ሌሎች ጉባኤዎችን ጎብኙ፣ ሰው የሚመርጠውን ይምረጥ፣ ሁሉም አንድ ቦታ ይሂድ ብላችሁ አታስገድዱ። ግን ማንም ብቻውን አይሂድ፣ ሁለት ሶስት ሆነው ይሂዱ፣ መኪና የሌላቸውን አረጋውያን ማን እንደሚወስዳቸው በስም ይጻፍ። የመሸኛ ደብዳቤ ለእያንዳንዱ አባል ስጡ፣ ደብዳቤው ላይ ሰውየው ምን ያገለግል እንደነበር ይጻፍ፣ ተቀባዩ መጋቢ ጋርም ደውሉ። "እህታችን ለዓመታት ልጆች አስተምራለች" ብሎ የሰማ መጋቢ ስራ ይሰጣታል፣ ስራ ያገኘ ሰው ደሞ ቶሎ ቤተኛ ይሆናል።

ሁለት ሰው መድቡና የአባላቱን ዝርዝር ይዘው በአንደኛው ወር፣ በሶስተኛው ወር እና በዓመቱ እየደወሉ ይጠይቁ። "ቸርች ትሄዳለህ ወይ" አትበሉ፣ ይዋሻችኋል፣ "እሁድ እንዴት ነው የምታሳልፈው" በሉት። የትም ያልሄደ ሰው ስታገኙ አትቆጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ ከዛ የሚቀጥለውን እሁድ አብራችሁት ሂዱ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሁለት ሶስት ጊዜ የድሮ አባላት የሚገናኙበት ቀን ቢኖር ጥሩ ነው፣ ግን እሁድ ጠዋት አይሁን፣ አዲሱ ጉባኤያቸው ውስጥ ስር እንዳይሰዱ ያደርጋቸዋል። ዝርዝሩ ላይ ያለው የመጨረሻው ሰው የት እንዳለ ሳይታወቅ የሚደውሉትን ሁለት ሰዎች አታሰናብቱ።